በእጅጌ ውስጥ የተሰፋ ቀርከሃ

ፉ ሱዌንን የሚቀፋት ነገር የለም ይባል ነበር። በዩዋን ወንዝ ዳር ባለችው ትንሽ ከተማ፣ ስትሮክ የመታቸው ሕሙማን በሚተኙበት ክፍል ሠላሳ አራት ዓመት በነርስነት ስትሠራ መግል አጥባለች፣ ትውከት ጠርጋለች፣ አልጋ ላይ የከረመ ገላ ያወጣውን ቁስል በጣቶቿ ዳብሳለች፤ ከዚያ እጇን ታጥባ ምሳዋን ትበላለች። ወጣት ነርሶች አፍንጫቸውን ይዘው ሲወጡ «የሰው ገላ እኮ ነው፣ ምን ሆናችሁ?» ትላቸው ነበር። መጸየፍ ማለት ምን እንደሆነ የገባት በስልሳ ስድስት ዓመቷ፣ ጡረታ ከወጣች ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ ነው። ያን ጊዜም ያስጠላት የታመመ ገላ አልነበረም።

አጀማመሩ ደህና ነበር። ባሏ ስትሮክ መትቶት አራት ዓመት ሲማቅቅ፣ ባዱዋንጂን የሚሉትን ስምንት ዝግ ያሉ እንቅስቃሴዎች ያሉትን የጥንት ስፖርት ወንበር ላይ እንደተቀመጠ አለማመደችው። አላዳነውም፤ ግን ሸሚዙን ራሱ ለመቆለፍ አበቃው። እሱ ከሞተ በኋላ ቤቱ ጭር ሲልባት፣ ወንዙ ዳር ወዳለው የአረጋውያን መኖሪያ ሄዳ «እኔ ሥራ ፈት ነኝ፣ ሰዎቹን በነጻ ላንቀሳቅስ» አለች። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራት ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ከመስኮቱ አጠገብ ዘጠኝ ወንበር በክብ ትደረድራለች።

«ሁለቱን እጆች ወደ ሰማይ፣ ቀስ፣ ቀስ፣ እስከምትችሉበት ድረስ።»

«እኔ የምችለው እስከ እምብርቴ ነው» ይላሉ አባባ ኳንግ።

«እምብርትም ጥሩ ነው፣ አባባ። የቀረውን በሐሳብዎ ያንሱት።»

«ሐሳቤማ ከእጄ የባሰ ይንቀጠቀጣል።»

አባባ ኳንግ የሰማንያ ስምንት ዓመት አዛውንት ናቸው። በጉልምስናቸው ከተራራ የተቆረጠ ግንድ አስረው፣ በላዩ ቆመው፣ በወንዙ ላይ እያንሳፈፉ እስከ ታላቁ ሐይቅ ያወርዱ ነበር። ግራ ትከሻቸውን በዚያ ዘመን ግንድ መትቶት ክንዳቸው ከደረት በላይ አይወጣም። ሱዌን ስትመጣ ቀኝ እጃቸውም ይንቀጠቀጥ ስለነበር የሩዝ ገንፎ የሚጎርሱት በሰው እጅ ነበር። ቅንድባቸው ግን እንደ ጥጥ ነጭና ረጅም ሆኖ እስከ ጉንጫቸው ወርዷል፤ ያየ ሁሉ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ያያቸዋል።

ከጎናቸው የሚቀመጡት እትዬ ራው ለኦፔራ ቡድን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት ናቸው። ጥርሳቸው አልቋል፤ ምላሳቸው ግን አልዶለዶመም።

«አንተ ሽማግሌ፣ እጅህ ቢያጥር አፍህ መቼ አጠረ?»

«አንቺ ደግሞ ክር አስገቢ ስትባዪ መርፌው ይጠፋሻል፤ የሰው ነገር ግን አይጠፋሽም።»

እንዲህ እየተናከሱ ቀስት የመሳብ እንቅስቃሴ ያደርጋሉ፣ አንገታቸውን አዙረው ወደ ኋላ ይመለከታሉ፣ በመጨረሻም ተረከዛቸውን ሰባት ጊዜ አንስተው መሬቱን ጠብ ጠብ ያደርጋሉ። ትምህርቱ በተጀመረ በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ሱዌን ስትገባ አባባ ኳንግ ጎድጓዳ ሳህናቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ገንፎውን ፉት ሲሉ አገኘቻቸው። ማንም አላጨበጨበም። እትዬ ራው ብቻ «አገጭህን ጥረግ» አሏቸው። ሱዌን ወደ ኮሪደሩ ወጥታ አለቀሰችና አፍንጫዋን ተናፍጣ ተመለሰች።

ዳይሬክተር ቴንግ በመኖሪያው የተሾመው በዚያው ሰሞን ነው። አርባ አምስት ዓመት የሚሆነው፣ ፀጉሩን ቀለም የሚቀባ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ ሰው ነው። ቢንላንግ ያኝካል። ይህን ጠንካራ ፍሬ ማኘክ በዚያ አገር ብርቅ አይደለም፤ የሱዌን ባልም ያኝክ ነበር። ቴንግ ግን የታኘከውን ገለባ፣ ምራቁ እንደተንጠባጠበ፣ በወረቀት ኩባያ ውስጥ እየተፋ ያጠራቅመዋል። ኩባያው ከእጁ አይለይም። ሰው ሲያናግር ውስጡ ያለውን ቡናማ ዝልግልግ ነገር ወዲህና ወዲያ ያማታዋል። ሱዌን ገና በመጀመሪያው ቀን ኩባያውን ላለማየት ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። «ምን ነካኝ? ከዚህ የባሰ ስንት ጠርጌ» አለች በሆዷ።

ትምህርቱን በሩ ላይ ቆሞ አይቶ ሲያበቃ ጠራት።

«መምህርት ፉ፣ ልፋትዎ ደስ ይላል። ግን ነገሩ ሕይወት የለውም። ዝናብ የመታት ዶሮ ክንፏን ስታራግፍ አይተው ያውቃሉ? እንደዚያ ነው።»

«ደካማ ሰዎች ናቸው፣ ዳይሬክተር። ዋናው አተነፋፈሱ ነው።»

«አተነፋፈስ ፎቶ ላይ አይወጣማ!» ብሎ ሳቀ፤ ጥርሱ ላይ የገለባ ክር ተጣብቆ ነበር።

በዘጠነኛው ወር ዘጠነኛ ቀን በሚከበረው የአረጋውያን በዓል፣ በከተማው አዳራሽ የጤና ትርዒት እንደሚኖርና መኖሪያዎቹ ሁሉ እንደሚወዳደሩ ነገራት። ሱዌን «የኔዎቹ ለትርዒት አይሆኑም» አለች። ቴንግ አልተቆጣም። ወንበሩን ወደሷ አስጠጋ።

«የሁለተኛው ፎቅ መጸዳጃ ቤት የእጅ መያዣ ብረት የለውም ብለው ለቀድሞዋ ዳይሬክተር ሦስት ጊዜ ጽፈዋል፤ ፋይሉን አይቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ሁለት ሰው እዚያ ወድቀው ተሰብረዋል አይደል? ትርዒቱን ያሳምሩልኝ፤ ብረቱን እኔ አስተክላለሁ። ከዳር እስከ ዳር!»

ከሁለቱ አንዷን፣ እዚያው እርጥብ ወለል ላይ ዳሌዋ ተሰብሮ የተጋደመችውን ሴት፣ ያነሳቻት ሱዌን ራሷ ነበረች። ሴትዮዋ አልጋ ላይ ሞተች። ስለዚህ «እሺ፤ ግን ተቀምጠው» አለች። ቴንግ «ተቀምጠው!» ብሎ ላብ ያረጠበውን መዳፉን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ቤቷ ስትደርስ ሸሚዟን አውልቃ ዘፈዘፈችው።

ልምምዱ በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት ላይ አሥራ ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች አዳራሹ ውስጥ ቆመው ጠበቋት። ወንዶችም ሴቶችም ናቸው፤ ስልሳ ዓመት ቢሞላቸው ነው። ክንዳቸው ጡንቻ አለው፤ ወገባቸው ቀጥ ያለ ነው። በየጠዋቱ ወንዝ ዳሩ መናፈሻ ውስጥ ሲጨፍሩ የሚውሉ ናቸው። አንዲት ልጅ ፀጉራቸው ላይ ነጭ ዱቄት እየነሰነሰች ነው።

«እነዚህ ደግሞ እነማን ናቸው?» አለች ሱዌን።

«ነዋሪዎቻችን» አለ ቴንግ። «ሁሉም ከሰማንያ አምስት በላይ። የርስዎ ዘጠኙ ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ እነዚህ ከኋላ ቆመው ይሠራሉ።»

«ይሄማ ውሸት ነው።»

«መምህርት ፉ፣ ሕዝቡ ማየት የሚፈልገው ተስፋ ነው። የሚንቀጠቀጥ እጅማ በየቤቱ ሞልቶለታል።»

እትዬ ራው በተሽከርካሪ ወንበራቸው ወደ አንዷ ሴትዮ ተጠግተው ፀጉሯን በጣታቸው ነካ አደረጉና ጣታቸውን አሸተቱ። «የሊጥ ዱቄት ነው። አንቺ ልጅ፣ ካላብሽ ትበስያለሽ» አሏት። ሴትዮዋ አፍራ አንገቷን ደፋች። ሌሎቹ ሳቁ። ሱዌንም ከነሱ ጋር ትንሽ ሳቀች፤ በኋላ ይህን ሳቅ ባሰበች ቁጥር ራሷን ትጸየፋለች።

ከዚያ ወዲህ ወደ መኖሪያው ስትሄድ መንገድ ታስረዝም ጀመር። የቢንላንጉ ሽታ በረንዳው ላይ ይቀበላታል። ቴንግ በየልምምዱ መሃል እየገባ የአዛውንቶቹን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና ያደርጋል፤ «ፈገግ! እማማ፣ ፈገግ! ሞት ቤት ነው እንዴ ያለነው?» ይላል። አንድ ቀን አንዲት አሮጊት ምራቃቸው ሲወርድ አይቶ ፊቱን አጨማደደና መሐረቡን አውጥቶ የራሱን ጣት ጠረገ። እሳቸውን አልጠረጋቸውም። ምራቃቸውን የጠረገችው ሱዌን ናት፤ ያው ምራቅ ነው፣ ምንም አልመሰላት። ሰውየው ጣቱን አንድ ባንድ ሲወለውል ማየቱ ግን ቋቅ አላት።

የበዓሉ ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ደረሰች። ዘጠኙ ሰዎቿ ታችኛው አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ስታያቸው አላወቀቻቸውም። ፊታቸው እንደ ግድግዳ በነጭ ተለስኗል፤ ጉንጫቸው ላይ ክብ ቀይ ቀለም ተለጥፏል፤ ከንፈራቸው የሙሽራ ቀይ ሆኗል። ቆዳቸው ደረቅ ስለሆነ ቅባቱ በየሽብሽቡ ገብቶ ተሰነጣጥቋል። ሽታው የተበላሸ ሽቶ ሽታ ነው።

«እትዬ ራው፣ ማነው እንዲህ ያደረጋችሁ?»

«ሠላሳ ዓመት ከተዋንያን ጋር ኖሬያለሁ» አሉ እትዬ ራው፤ ምላሳቸው ከላንቃቸው ጋር እየተጣበቀ። «ሬሳ የሚጫወት ሰው እንኳ እንዲህ አይቀባም።»

«ድምፅዎ ምን ሆነ?»

«ጠማኝ። ከትናንት ቀትር ወዲህ ውሃ አላገኘንም። ሾርባም ከልክለውናል። መድረክ ላይ እንዳንሸና ነው አሉ።»

ሱዌን ቦርሳዋን ከፍታ የውሃ ኮዳዋን አወጣች። ገና አንዷን ሳታጠጣ የቴንግ እጅ ከኋላ መጥቶ ኮዳውን ያዘው። አልነጠቃትም፤ እየሳቀ ቀስ አድርጎ ከጣቶቿ አላቀቀው።

«ከትርዒቱ በኋላ፣ መምህርት። ልብሱ ሐር ነው፤ የኪራይ ነው።»

ፎጣ አርጥባ ከንፈራቸውን አራሰች። ያንን አልከለከላትም። አባባ ኳንግ ጋ ስትደርስ ፎጣውን በድዳቸው ነክሰው ጠቡት። ሱዌን ትከሻቸውን ደገፍ ልታደርግ ስትል ሰውየው እንደ ግንድ አልንቀሳቀስ አሏት። የሐር ካባውን ገለጥ አደረገች፤ በደረታቸውና በብብታቸው ሥር በሰፊ ጨርቅ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ታስረዋል።

«እጅጌውንም ዳብሺው» አሉ እትዬ ራው።

ዳበሰችው። በእጅጌው ርዝመት ቀጭን ቀርከሃ ተሰፍቶበታል፤ ጫፉ በክርናቸው በኩል ወደ ኋላ ወጥቷል። በግራውም በቀኙም። ከወንበሩ ኋላ ከመናፈሻ ከመጡት አንዱ፣ ደረተ ሰፊ ሰው፣ ፀጉሩ በዱቄት ነጥቶ ቆሟል።

«እኔ ምን ላድርግ፣ እህቴ» አለ ሰውየው ዓይኗን እየሸሸ። «ሙዚቃው ሲመጣ አንሳ ነው ያሉኝ።»

«እጅጌ ውስጥ ቀርከሃ ስሰፋ የኖርኩት ለአሻንጉሊት ነው» አሉ እትዬ ራው። «ለሰው ሰፍቼ አላውቅም።»

ያን ጊዜ የአባባ ኳንግ ልጅ ዪፌን ከውጭ ገባች። ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ሌላ ከተማ ጫማ ቤት ያላት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የምትመጣ ሴት ናት። አባቷን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አባዬ! ቀጥ ብለህ! እንዴት አምሮብሃል!» ስልኳን አውጥታ ትቀርጽ ጀመር። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ታስረው ነው፣ ዪፌን» አለቻት ሱዌን በጆሮዋ። «ውሃም አልጠጡም።»

ዪፌን ስልኩን አላወረደችም። «ለአንድ ቀን እኮ ነው፣ መምህርት» አለች በለሆሳስ። «ቀጥ ብሎ ካየሁት ስንት ዓመቴ መሰለዎት? ለልጆቼ እልከዋለሁ።»

አባባ ኳንግ ወደ ስልኩ አዩ። በተቀባ ከንፈራቸው ፈገግ አሉ።

ሱዌን ወደ ቴንግ ሄደች። «ግራ ትከሻቸው ከደረት በላይ አይወጣም። ቀርከሃው ይውጣ፤ አለዚያ አንሄድም።»

«መኪናው ሞተር አስነስቷል። አምስት ደቂቃ ነው፣ መምህርት ፉ፤ አምስት! ብረቶቹ ትናንት መጋዘን ገብተዋል፣ ነገ ሠራተኛ ይመጣል። በአምስት ደቂቃ ልናበላሸው ነው? ግራውን እንዳያነሳ ሰውየውን እነግረዋለሁ። በቃ!»

እሷም ዝም አለች። ተሽከርካሪ ወንበሮቹን አንድ ባንድ ወደ መኪናው ስትገፋ፣ የገዛ እጆቿ የሌላ ሰው እጅ መስለው ታዩዋት።

አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። መድረኩ ዙሪያ የበዓሉ ቢጫ አበቦች በባልዲ በባልዲ ተደርድረዋል። የመብራቱ ሙቀት እንደ ምድጃ ይጋረፋል። አስተዋዋቂው «ክቡራን እንግዶች! አሁን የምታዩአቸው ሁሉ ከሰማንያ አምስት ዓመት በላይ የሆናቸው ናቸው!» ሲል ሕዝቡ «ኦ!» አለ። ሙዚቃው ተለቀቀ። ከኋላ የቆሙት አሥራ ሁለቱ እንደ አንድ ሰው እጃቸውን ወደ ሰማይ አነሱ። ፊት ለፊት፣ መሃል ላይ፣ የአባባ ኳንግ ሁለት እጆች በሐሩ እጅጌ ውስጥ ወደ ላይ ወጡ። ቀኙም ግራውም። አገጭ፣ ግንባር፣ ከዚያ ከራስ በላይ።

ሱዌን መጋረጃው ጋ ቆማ ነበር። ድምፁን ሙዚቃው ዋጠው፤ አፋቸውን ግን አየችው። ቀይ የተቀባው አፍ በሰፊው ተከፍቶ ቀረ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላ ያለው ሰው ምንም አላየም፤ ሁለተኛውን እንቅስቃሴ ለመጀመር እጆቹን አወረደና ግራውን ወደ ጎን ዘረጋው፣ ቀስት እንዲስቡ። የአባባ ኳንግ እንባ በነጩ ልስን ላይ ሁለት መንገድ አወጣ። ጉንጫቸው ላይ ያለው ቀይ እየቀለጠ ወደ አገጫቸው ወረደ።

እንዴት መድረኩ ላይ እንደወጣች አታስታውስም። ከቦርሳዋ የማይለየውን የነርስ መቀስ ይዛለች። «ልቀቅ!» አለች ሰውየውን፤ ለቀቀ። ግራ እጅጌውን ከትከሻ እስከ ጫፍ ቀደደችው፣ ቀርከሃውን መዛ ወለሉ ላይ ወረወረችው። ማሰሪያውን ቆረጠች። አዛውንቱ ደረቷ ላይ ተደፉ። መድረኩ ዳር ካለው የእንግዶች ጠረጴዛ ላይ የውሃ ጠርሙስ አንስታ አንገታቸውን ደግፋ አጠጣቻቸው፤ ከዚያ ለእትዬ ራው፣ ከዚያ ለሌሎቹ። ሙዚቃው ቆመ።

ቴንግ እየሮጠ መጣ። ፊቱ ለሕዝቡ ፈገግ ብሏል፤ በጥርሱ መሃል ግን «አንቺ ሴትዮ! አብደሻል? ውረጂ ብዬሻለሁ፣ ውረጂ!» ይላል። ትኩስ የቢንላንግ ትንፋሹ ፊቷ ላይ አረፈ።

ከዚያ ድምፅ ማጉያውን ከአስተዋዋቂው እጅ ወሰደ። ሱዌን «አሁን ጉዱ ወጣ» ብላ አሰበች።

«ክቡራን እንግዶች» አለ ቴንግ፤ ድምፁ ተንቀጠቀጠ፤ እንባ የተናነቀው ይመስላል። «ይህ በዝግጅታችን ውስጥ የለም። አንድ አባታችን ደከማቸው፤ መምህርታችን ግን ትርዒቱን ጥላ ወደ እሳቸው ሮጠች። እኛ ጋ የሚቀድመው ሽልማት አይደለም፤ ሰው ነው! እዩልን፤ ፍቅር ይህ ነው!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ሰው ከወንበሩ ተነሳ። ፊት ረድፍ የተቀመጡ ሴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። የካሜራ መብራት ብልጭ ብልጭ አለ፤ ሱዌን ውሃውን እንደያዘች፣ የተቀባው ፊት ክንዷ ላይ እንደተጋደመ። ጭብጨባው ቆዳዋ ላይ እንደ ትል ሲርመሰመስ ተሰማት። አባባ ኳንግን ወደ መድረኩ ለወጣችው ለዪፌን አስይዛ ወደ መጋረጃው ኋላ ሮጠች። በሠላሳ አራት ዓመት ሥራ አንድ ቀን እንኳ ያላደረገችውን፣ አበቦቹ በቆሙበት ባልዲ ላይ ጎንበስ ብላ አስታወከች።

መኖሪያው በውድድሩ ሁለተኛ ወጣ። የአባባ ኳንግ ትከሻ ወልቋል፣ ጅማቱም ተበጥሷል፤ ሐኪሙ ቦታው መልሶ አሰረውና «በዚህ ዕድሜ ከዚህ በላይ አይሆንም» አለ። በሳምንቱ የመኖሪያው በር ላይ በር የሚያክል ፎቶ ተሰቀለ፤ ሱዌንና አባባ ኳንግ፣ የውሃው ጠርሙስ በመሃል፣ ከላይ በወርቅ ቀለም «ፍቅር» የሚል ጽሑፍ። ዪፌን ትንሹን ቅጂ በመስታወት አስገብታ ጫማ ቤቷ ውስጥ እንደሰቀለችው ለሱዌን በስልክ ነገረቻት። «በጣም ነው የማመሰግንዎት፣ መምህርት። ሰው ሁሉ ያለቅሳል ሲያየው።» ሱዌን ስልኩን ዘጋችው።

ቢሮው ገባች። ኩባያው ጠረጴዛው ላይ አለ፤ እስከ አፉ ሞልቷል።

«ፎቶው ይውረድ።»

«ምን ሆነዋል?» አለ ቴንግ፤ ወደ አንቱታው ተመልሷል። «በርስዎ ምክንያት እኮ ነው ስማችን የገነነው! እንደውም ዋና አሠልጣኝ ብዬ ሹመት ጽፌልዎታለሁ።»

«ብረቶቹስ?»

«ተተክለዋል።»

ሄዳ አየች። ብረቱ የተተከለው ታች፣ ከእንግዳ መቀበያው አጠገብ ባለው፣ ጎብኚዎች በሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት ነው። ያበራል። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳው እንደበፊቱ ባዶ ነው፤ ወለሉም እርጥብ።

ያን ቀን ለበላይ ቢሮው ማመልከቻ ጻፈች፤ ያየችውን ሁሉ፣ የራሷን ዝምታም ሳታስቀር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለት ሰዎች መጡ። ቴንግ ሻይ አስቀዳላቸው፤ ፎቶውን አስጎበኛቸው። «ቀርከሃ? ምን ቀርከሃ?» አለ። «መምህርት ፉ ባሏ ከሞተ ወዲህ ትንሽ ሐዘን ያጠቃታል።» ሰዎቹ ለመነሳት ቦርሳቸውን ሲያነሱ እትዬ ራው በተሽከርካሪ ወንበራቸው ገቡ። ጭናቸው ላይ የተጠቀለለ ሐር አለ። ከትርዒቱ በኋላ ከአባባ ኳንግ ካባ ቆርጠው ፍራሻቸው ሥር ደብቀውት የከረሙት ቀኝ እጅጌ ነው፤ ቀርከሃው እንደተሰፋበት።

«ልብስ ሰፊ ነኝ» አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። «ስፌቱን እዩት። ማነው የሰፋው አትበሉኝ፤ የኔ እጅ እንዲህ አይጎረብጥም። ቅርጫት ሰፊ ነው የሰፋው። አሁን ይህን ሰውዬ ጠይቁት፤ ሰው በሐር ውስጥ ቀርከሃ የሚያስገባው ለምንድነው?»

ከሁለቱ ትንሹ ቀርከሃውን በጣቱ ዳበሰና ጣቱን ቶሎ ሰበሰበ። ትልቁ ጽፎ ያዘ። ቴንግ መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ምራቁ ተሳስቶት በአገጩ ወረደ።

ሱዌን ይባረራል ብላ ነበር። አልተባረረም። ወሩ ሳያልቅ ተዛወረ፤ ሦስት መቶ አልጋ ወዳለው፣ የትልቁ ከተማ የአረጋውያን መኖሪያ። ፎቶውን ይዞት ሄደ። አዲሲቱ ዳይሬክተር ዝምተኛ ሴት ናት፤ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት የሁለተኛውን ፎቅ ብረት አስተከለች፣ ማንም ምንም ሳይጠይቃት። ሱዌን ብረቱን ይዛ ቆማ እንዴት ቀላል ነገር እንደነበረ ስታስብ፣ እንደገና አቅለሸለሻት።

ትምህርቱ ሲቀጥል አባባ ኳንግ አልመጡም። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው፣ ግራ እጃቸው በሻሽ ታስሮ፣ ወንዙን ያያሉ። ገንፎውን አሁንም በሰው እጅ ይጎርሳሉ። በአራተኛው ቀን ሱዌን ገብታ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ቀርከሃውን አውቅ ነበር። መኪናው ሳይነሳ ነው ያወቅሁት።»

«አውቃለሁ። ስትዳብሺው እዚያው ነበርኩ እኮ።»

«ዝም አልኩ።»

«ዝም አልሽ» አሉ። ሊያጽናኗት አልሞከሩም። ቀኝ እጃቸውን አንስተው ጉንጫቸውን ጠረጉ፣ ቀለም ያለ ይመስል። «እኔም ጮኼ 'ፍቱኝ' ማለት እችል ነበር። ልጄ እየሳቀች ነበር። እንደዚያ ስታየኝ... ተይው። ያ የቀባኝ ሰው እጁ ነጭ ሽንኩርት ይሸት ነበር። ከሁሉ የሚቀፈኝ እሱ ነው። እስካሁን ይሸተኛል።»

«ልጠብዎት?»

«ታጥቤያለሁ። አንቺም ታጥበሽ ይሆናል።»

እትዬ ራው ከኮሪደሩ «ዛሬ አንሠራም እንዴ? እግሬ ቀዘቀዘ!» ብለው ጮኹ። ሱዌን ተነሳች። አባባ ኳንግ ተሽከርካሪ ወንበራቸውን በአገጫቸው አመለከቷት።

«ውሰጂኝ። እጄን አላነሳም። ማንም እንዳያነሳልኝ።»

«ማንም አያነሳም፣ አባባ።»

መስኮቱ አጠገብ፣ ከእትዬ ራው ጎን አቆመቻቸው። ስምንቱ እጃቸውን ወደ ሰማይ፣ እስከቻሉበት፣ ሲያነሱ እሳቸው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተነፈሱ። እትዬ ራው በጎን አይተዋቸው አንድ ነገር ሊሉ ነበር፤ ተዉት። በሩ ላይ አንድ ጠያቂ ዘመድ ስልኩን ለቀረጻ ሲያነሳ ሱዌን አየችው። ቆጠራዋን ሳታቋርጥ ሄዳ በሩን ፊቱ ላይ ዘጋችው፤ ከዚያ ወደ ሦስተኛው እንቅስቃሴ አለፈች።